የእትዬ ጌታነሽ ኪቦርድ

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለጽናት፣

እንደምን ከርመሻል ልጄ? እኛ አለን። ውርጩ ዘንድሮ በጊዜ ስለገባ ገብሱን እንዳያበላሸው ሰው ሁሉ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። እናትሽን ማናለብሽን ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት። ከራቤል በጭነት መኪና ተሳፍራ ሁለት ሙክት ልትሸጥ መጥታ ነበር። ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። በደንብ እንድትበዪ ንገሪልኝ ብላኛለች።

ምን ሆኑ ብለሽ በስልክ የጠየቅሽኝን ሳልመልስ የዘጋሁት ንቄሽ አይደለም። በስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው። ኢንተርኔቱም እንደምታውቂው የለም። እንግዲህ በደብዳቤ ይሁንልን። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ ለራሴ ጉዳይ አንድ ደብዳቤ መጻፍ አያቅተኝም።

ይህን ያደረሰልሽ ሾፌር በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ዕቃም ይሰጥሻል። ስትፈቺው ታውቂዋለሽ። አንቺና ጓደኞችሽ መተየብ የተማራችሁበት ከባዱ ኪቦርድ ነው፤ ያ የእርዳታ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ትቶልኝ የሄደው። እሱን ያለ ገመድ ከስልክ ጋር የሚሠራ አድርጊልኝ። አንዳንዱ ቁልፍ ስለማይሠራ እሱንም ለውጪልኝ። በየረድፉም በጣት የሚዳሰስ ምልክት አድርጊበት።

ምክንያቱን ባጭሩ ልንገርሽ። ሁለት ሰዎች መጥተው "ቆጣሪው መመርመር አለበት" ብለው ነቅለው ከወሰዱት አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ መብራት አላቸው፤ እኔ ብቻ የለኝም። ኮምፒውተሬ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። የፎቶ ኮፒ ቤቶቹም ለእኔ እንዳያትሙ ተነግሯቸዋል። ከእነሱ አንዱ ዓይኔን ማየት ስላፈረ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የነገረኝ። ስልክ ግን በጥሩሸዋ ቤት ሶላር ቻርጅ ይደረጋል። ጥሩሸዋን አታውቂያትም፤ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

አዲስ ኪቦርድ ገዝቼ ልላክ እንዳትዪኝ። ያ እንደ ጎማ ልምጥ የሚለው ለእኔ አይሆነኝም። ቁልፉ መነካቱን ራሱ ሊነግረኝ ይገባል።

ማን እንደሆኑና ለምን እንዳደረጉት ለጊዜው አትጠይቂኝ። መጻፌን እንደማላቆም ብቻ እወቂልኝ።

ጌታነሽ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለእትዬ ጌታነሽ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዕቃውን ፈትቼ ሳላየው ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ነው።

አቶ ወንድምአገኝ፣ የጥገና ቤታችን ባለቤት ማለቴ ነው፣ ከረጢቱን ሲያየው ገብስ የተላከልኝ መስሎት ነበር። ኪቦርዱን ሳወጣው "ይሄን ሙዚየም ውሰጂው" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ከፈትኩት። ሥሩ የብረት ሰሌዳ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ ስዊች አለው፤ የዛሬዎቹ አንድ ጎማ ነው ለሁሉም። ከውስጡ የቆሎ ገለባ፣ የተሰበረ መርፌ፣ ደግሞም የእኔ የራሴ የፀጉር ማስያዣ ወጣ። ሰማያዊዋ። እንዴት እንደገባች እግዜር ይወቅ።

ከመቶ ሁለቱ ስዊቾች ሠላሳ ስምንቱ ሞተዋል። የቀሩትም ደክመዋል። ስለዚህ ሁሉንም ልቀይራቸው ነው። ከሰፈራችን የጌም ቤት ሁለት የተበላሹ ኪቦርዶች አግኝቻለሁ። ልጆቹ ለስላሳ መጠጥ ደፍተውባቸው ቦርዳቸው ተቃጥሏል፤ ስዊቾቻቸው ግን ጤነኛ ናቸው። ሲጫኗቸው ጠቅ ይላሉ፣ ጣትም ላይ ይሰማሉ። ደግነቱ አናታቸው ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የእርስዎ ቁልፎች ልክ ይገቡላቸዋል። ለገመድ አልባው ደግሞ ከተሰበረ የብሉቱዝ ኪቦርድ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ቦርድ አውጥቻለሁ። ከእሷ ወደ እያንዳንዱ ስዊች ቀጭን ሽቦ እስባለሁ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በየረድፉ በጣት የሚዳሰስ ምልክት ይሁንበት ብለዋል። እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው ምልክት የሚፈልጉት? እኛን በእጃችን ላይ ፎጣ ጥለው ያስተማሩን፣ "ዓይናችሁን ለወረቀቱ ጠብቁት" እያሉ? የደብዳቤዎም መስመር ከመሐል ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለት ቦታ ላይ አንዱን መስመር በሌላው ላይ ጽፈውታል።

እትዬ፣ ዓይንዎ ምን ሆነ?

ጽናት


መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለጽናት፣

ዓይኔን ጠየቅሽኝ። መጀመሪያ ተናደድሁብሽ። ሁለት ቀን ቆይቼ ደግሞ በራሴ ተናደድሁ። አዎ፣ እየሄደ ነው። ደብረ ብርሃን ያየኝ ሐኪም የዓይን ግፊት በሽታ ነው ብሎኛል። የቀኙ አልቋል። የግራው በወፍራም መጋረጃ ውስጥ እንዳለሁ ሆኖ ያሳየኛል። ጠብታ እጨምራለሁ። ጠብታው ያለውን ያቆይ እንደሆነ እንጂ የሄደውን አይመልስም ተብሏል። ለማንም አልተናገርሁም፤ አሁን አንቺ አወቅሽ። ይህን ነገር ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ እሷ ከሰማች ከሰንበት በፊት ጊሼ ወረዳ ሁሉ ይሰማዋል።

አሁን የጥሩሸዋን ነገር ልንገርሽ። ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ቢኬድ ጥድ በር የሚባል ሜዳ አለ። ከነዋሪዎቹ አባቶች ጀምሮ የጋራ ግጦሽ ነው። ለአንድ ባለሀብት የድንጋይ መፍጫ ይሁን ተባለ። ባለፈው መስከረም የአንድ ቢሮ ጸሐፊ ወልዳ ስለቀረች እኔ በትርፍ እንድጽፍላቸው ጠሩኝ። የሰጡኝ ቃለ ጉባኤ ነበር። "በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ የጥድ በር ነዋሪዎች በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል" ይላል። ቀጥሎ የመቶ አርባ ሦስት ሰው ስም።

ስሞቹን እየተየብሁ ስሄድ ሰባ አንደኛው ላይ አቶ ሀዲስ የሚል አገኘሁ። ሀዲስን አውቀዋለሁ፤ የጥሩሸዋ ባል ነው። የሞተው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ የዕድሩን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ወደ ቢሮው ኃላፊ ገብቼ "ይህ ሰው ሞቷል" አልሁት። "የቀሩት አልሞቱም፤ ጨርሺው" አለኝ። "የቀሩትስ ስብሰባው ላይ ነበሩ?" አልሁት። "አንቺ ጸሐፊ ነሽ፣ ወይስ ዳኛ?" አለ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ለጥሩሸዋ ሄጄ ባልሽ ስብሰባ ገብቶ ፈርሟል አልኋት። ቆጣሪዬ የተነቀለው በሳምንቱ ነው። የእሷም ሰባት በጎች "የተከለከለ መሬት ላይ ገቡ" ተብለው ተነዱ።

አሁን ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ያለውን ሰዎች ቃል አንድ በአንድ ልጽፍ ነው። በዚህ ዓይኔ በእጅ ልጽፈው አልችልም። በጣቴ ግን እችላለሁ። ቶሎ አድርሺልኝ።

ጌታነሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌታነሽ፣

ስለ ዝምታዬ ምን ብዬ ልጀምር? መጀመሪያ ስለ ሥራው ልንገርዎት።

የመጀመሪያዋን ቦርድ አቃጠልኳት። የመበየጃ ካውያዬ ከመጠን በላይ ግሎ ነበር፤ አንዷን ሽቦ ሳስጠጋ የመዳብ መስመሯ ከቦርዷ ላይ ተላጠ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሌላ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ሄደ። ሁለተኛዋን ግን እንደ ሕፃን ነው የያዝኳት። መቶ ሁለት ስዊች፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሽቦ። ስታኞውን፣ የብየዳውን እርሳስ፣ በጠብታ በጠብታ። ጠቅ ከሚሉት ብዙዎቹ ስነቅላቸው ስለተሰበሩ ለፊደሎቹ ብቻ በቅተዋል፤ ዳርና ዳር ያሉት ከሌላ ያመጣኋቸው ለስላሶች ናቸው፣ እነሱን ብዙ አይነኳቸውም። ምልክቶቹን በጥፍር ቀለም ጠብታ ሠራኋቸው፤ ሲደርቅ እንደ ምስር ይሆናል። ባትሪው የአሮጌ ስልክ ነው፤ አንዴ ከሞላ ሁለት ሳምንት ያስኬዳል። ከስልኩ አሥር እርምጃ ርቆ ይሠራል። በእርስዎ አቀማመጥ ሞከርኩት፤ ዓይኔን ጨፍኜ። ዓይኔን ስገልጥ የጻፍኩት "ጌታነሽ" ይላል።

አልቋል፤ ጥር መጨረሻ ላይ ነው ያለቀው። ከሳምንት በላይ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

አልላክሁትም። እናቴ ደውላ ነበር። ራቤል ድረስ ሰው መጥቶ "ልጅሽ አዲስ አበባ ምን ትሠራለች? ከጌታነሽ ጋር ምን አገናኛት?" ብሎ ጠይቋታል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ገና አልተነሣም፤ በትንሽ ነገር ሰው የሚወሰድበት ጊዜ ነው። እርስዎ ደግሞ ብቻዎን ነዎት፤ ዓይንዎም እንዲህ ሆኖ። የጥድ በር ሰዎች ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ። እባክዎን ይቅርብዎት። ተቆጥተው ቢረግሙኝም ቢታሰሩብኝ ከሚሰማኝ ይሻለኛል። ነገሩ እስኪበርድ ኪቦርዱ እኔ ጋ ይቆይ።

የምትወድዎ ልጅዎ፣
ጽናት


መሐል ሜዳ፣ የካቲት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጽናት፣

ይህን የምጽፈው ማስመሪያ ወረቀቱ ላይ አስደግፌ ነው። መስመሩ ከወረደ ታገሺኝ።

ልጅዎ ብለሽ ፈረምሽ። እኔ አልወለድሁሽም። ወልጄሽ ቢሆን ልጅ ለእናቷ ፈርታ ነው ብዬ እተውልሽ ነበር። እኔ ያስተማርሁሽ ነኝ። ያስተማርሁሽ ደግሞ የተነገረሽን ሳትጨምሪና ሳትቀንሺ እንድትጽፊ ነው። ምን እንደሚቀርብኝና ምን እንደማይቀርብኝ እንድትወስኚልኝ አላስተማርሁሽም።

የሚፈራ ሰው አልንቅም። እኔም እፈራለሁ። የውሻ ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ የበሩን መወርወሪያ እዳብሳለሁ። ነገር ግን አስቢው፤ ቆጣሪዬን ነቀሉ፤ ማተሚያ ከለከሉኝ፤ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ከዳኝ። ከእነዚህ ሁሉ የቀረኝን ጣቴን ከአልጋሽ ሥር የቆለፍሽብኝ አንቺ ነሽ። እነሱ ያልቻሉትን በፍቅር አደረግሽላቸው።

ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ አልሽ። ፈልገዋል። ሞላሌ ድረስ ሄደው ሁለት ሰው ለመኑ፤ ሁለቱም ስማችንን እንዳትጠሩ ብለው መለሷቸው። ትናንት ጥሩሸዋ መጥታ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? "እትዬ፣ ሀዲስን አሁን ማን ይመልሰዋል? መቃብሩ ውስጥ ሆኖ መሬታችንን ሰጠ እየተባለ ዝም ልበል?" አለችኝ። ለእሷ ምን ብዬ ልመልስ? ተማሪዬ ፈርታልኛለች ልበላት?

ኪቦርዱን ላኪ። ካልላክሽ በከሰል ግድግዳዬ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ግድግዳውን ነቅለው ይውሰዱት።

ጌታነሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 21 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌታነሽ፣

ይቅር ይበሉኝ። ልኬዋለሁ።

በቀኝ በኩል ከጎኑ ትንሽ ማብሪያ አለችው፤ ወደ ላይ ሲገፏት ትበራለች። ከስልኩ ጋር አንድ ጊዜ ያስተዋውቁት፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ያገኘዋል። የአማርኛ መጻፊያውን በሚሞሪ ካርድ ልኬዋለሁ፤ ማንም ወጣት ይጭንልዎታል። ከመጻፍዎ በፊት ግን አማርኛው ላይ መሆኑን ሰው ይይልዎት፤ አለበለዚያ ሙሉ ገጽ በላቲን ፊደል ይጽፉና ይናደዳሉ። የሚያዩት ነገር ስለሌለ ስልኩ የግድ አጠገብዎ መሆን የለበትም። ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ግን አያስቀምጡት፤ ሰው ጉያ ውስጥ ይሁን፣ ባትሪው ብርድ አይወድም።

ለእናቴ እኔ ራሴ ነግሬያታለሁ። ጮኸችብኝ። ከዚያ "እሷ ባትጽፍልኝ አንቺ አስረኛ ክፍል አትገቢም ነበር" አለችኝ። ምን እንደጻፉላት አልነገረችኝም። አልጠየቅኩም።

ጽናት


ጥድ በር፣ መጋቢት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለጽናት፣

ይህ በኪቦርዱ የተጻፈ ነው። ሞላሌ ታትሞ ነው የሚደርስሽ። አየሽ መስመሩን? እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው!

መጀመሪያ እንዳልሽው አበላሸሁት። የአንድ ሽማግሌን ቃል ሙሉውን ጽፌ ጨረስሁና መርስዔ ኃዘን እንዲያነብልኝ ስልኩን ሰጠሁት። መርስዔ ኃዘን እዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚያነብ አዛውንት ገበሬ ነው፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ እንደ ዳዊት በዜማ ካላነበበ አይሆንለትም። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ አርቆ፣ ገልብጦ "ይህ ደግሞ የማን ቋንቋ ነው?" አለኝ። ላቲን ነበር! ጥድ በር ሁሉ ሳቀብኝ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነገሩኝ፤ ሁለተኛው እንዲያውም ረዘም ብሎ ወጣ።

ጣቴ ገና ሲነካው ያ ጠቅታ ሲመጣ ምን እንደተሰማኝ ልነግርሽ አልችልም። ከዕድሜዬ ሃያ ዓመት የተቀነሰልኝ መሰለኝ። ሰዎቹ ድምፁን ወደዱት። አንዷ ቃሏን ሰጥታ ስታበቃ "ሲጻፍልኝ ይሰማኛል" አለች።

እንዲህ ነው የምንሠራው። እኔ ኪቦርዱን ጭኔ ላይ አድርጌ የድንጋይ ካብ ተደግፌ እቀመጣለሁ። ጥሩሸዋ ስልኩን ጋቢዋ ውስጥ አድርጋ ራቅ ብላ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ሰው እየመጣ ፊቴ ይቀመጣል። ስሙን፣ ስብሰባው ላይ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ፈርሟል ወይስ አልፈረመም ይናገራል። ሲጨርስ መርስዔ ኃዘን ያነብለታል፤ ልክ ነው ካለ በጣቱ አሻራ የሚያደርግበትን ቦታ እተዋለሁ።

እስካሁን ሰማንያ ሁለት ሰው ጽፌያለሁ። ስድስቱ "አዎ፣ ነበርሁ፤ ተስማምቻለሁ" አሉ። የእነሱንም እንዳሉት ጻፍሁ። ጥሩሸዋ ተቆጣችኝ፤ "ለምን ትጽፊላቸዋለሽ?" አለችኝ። የእነሱን ካልጻፍሁ የአንቺን ማን ያምነኛል አልኋት።

የእሷን ቃል ላስነብብሽ፦ "ባለቤቴ አቶ ሀዲስ በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሞቶ ተቀብሯል። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ከተቀበረበት ተነሥቶ ስብሰባ ስለመግባቱ የማውቀው ነገር የለም። ተነሥቶ ከሆነም ቤቱ አልመጣም።" ይህን ሲያነብብ መርስዔ ኃዘን ዜማው ጠፋበት።

ኃላፊው ሰምቷል ይላሉ። ይስማ።

ጌታነሽ


ጥድ በር፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ጽናት፣

ይህን የምጽፈው እኔ መርስዔ ኃዘን ነኝ። ቃሉ የወይዘሮ ጌታነሽ ነው፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እየነገሩኝ ነው። ስህተት ቢኖር የእኔ ነው።

ልጄ፣ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ስታዪ እንዳትደነግጪ። ደህና ነኝ። ኪቦርዱ ግን ተወስዷል።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጠዋት ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ሰዎች እየጻፍሁ ሳለሁ ኃላፊው ራሱ ከሁለት ታጣቂ ጋር መጣ። ማየቱን እንጃ፤ ጫማውን ግን በድምፁ ዐወቅሁት።

"ምን እየጻፍሽ ነው?" አለኝ።

"የሰው ቃል።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"የተናገሩት ሰዎች።"

"ይሄ ሕገ ወጥ ነው። አምጪው!" ብሎ ኪቦርዱን ከጭኔ ላይ ነጠቀው። ለታጣቂዎቹም "ጽሑፉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ እንዳይሰበር በጥንቃቄ ያዙት" አላቸው። እኔም ስህተቱን አላረምሁለትም።

ጥሩሸዋ ስምንት እርምጃ ርቃ ትፈትላለች። የሁሉም ሰው ቃል ጋቢዋ ውስጥ ነው። እንዝርቷ አልቆመም ይለኛል መርስዔ ኃዘን። (በእውነት አልቆመም። እኔ ግን ካቡን ያዝሁ። መርስዔ ኃዘን።)

ዘጠኝ ቀን አቆዩኝ። ፋሲካን እዚያው ዋልሁ። ሰው ሁሉ ዶሮና ጠላ ይዞ በር ላይ ሲሰለፍ ጠባቂዎቹ ግራ ገባቸው፤ እኔ ከጠባቂዎቹ ጋር ተካፍዬ በላሁ። በሦስተኛው ቀን ኪቦርዱን የሚከፍት ባለሙያ አመጡ። ፊት ለፊቴ ፈታው። ሽቦ ብቻ ወጣ። ኃላፊው "ጽሑፉ የታለ?" አለው። ልጁ "ጌታዬ፣ ኪቦርድ ጽሑፍ አይዝም" አለው። ባለሙያው ግን ሲወጣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ "ማነው የሠራው? እንዲህ የጠራ ብየዳ አይቼ አላውቅም" አለኝ። ንገሪልኝ ያለ መሰለኝ፤ ይኸው ነገርሁሽ።

ኃላፊው በየቀኑ እየመጣ ጽሑፉ የት እንዳለ ይጠይቀኛል። በየቀኑ "ጥድ በር ሄደህ ብትጠይቃቸው በቃላቸው ይነግሩሃል" እለዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ሊጠይቃቸው የሚገባው ገና ቃለ ጉባኤው ሳይጻፍ ነበር።

እኔ በገባሁ በማግስቱ፣ ስቅለት ነው ብለው ሳይሉ፣ መርስዔ ኃዘንና ጥሩሸዋ ሞላሌ ወርደው አሳትመውታል። በፋሲካው ማግሥት አሻራ ሲሰበሰብ ዋለ። ሦስት ቅጂ ነው፤ አንዱን መርስዔ ኃዘን ራሱ ይዞ ሄዶ ከላይ ላለው ቢሮ በእጁ ሰጥቶ ማኅተም አስመትቶበት ተመልሷል።

አንቺ ግን አደራሽን፣ አትምጪ። ኪቦርዱን ማን እንደሠራው ጠይቀውኝ ስምሽን አልተናገርሁም።

ጌታነሽ፣ በመርስዔ ኃዘን እጅ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌታነሽ፣ ለአባባ መርስዔ ኃዘንም፣

ደብዳቤውን ቆሜ አነበብኩት። ሁለተኛ ጊዜ ስጀምር አቶ ወንድምአገኝ "ምንድነው?" አለኝና ነገርኩት። ሳልዋሽ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። "ሱቄ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። ወይ እሱን ተዪ ወይ ሌላ ቦታ ፈልጊ" አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቤተሰብ አለው። ካውያዬንና መፍቻዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ። አሁን በአንድ ሕንፃ ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ ይዣለሁ። ስልክ የሚያሠራ ሰው አይጠፋም።

ስሜን አለመናገርዎን አመሰግናለሁ። ግን አልፈልገውም። እርስዎ ዘጠኝ ቀን ሲቀመጡ እኔ ስም የለሽ ሆኜ ልቀመጥ? ሦስት ሳምንት ከአልጋዬ ሥር የደበቅኩት ይበቃኛል። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

አትምጪ ብለዋል። ሐሙስ ግንቦት 10 እመጣለሁ። ሁለተኛ ኪቦርድ ሠርቻለሁ፤ ከጌም ቤቱ ኪቦርዶች የአንዱ የብረት ሰሌዳ ጥሩ ስለነበር በእሱ ላይ። እንደ መጀመሪያው ከባድ አይደለም፤ ጠቅታው ግን ያው ነው። በማግስቱ ቢሮው ድረስ አብረን እንሄዳለን። የተወሰደው ዕቃ እንዲመለስ በራሴ ስም ማመልከቻ አስገባለሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ወንጀሉ የቱ ሽቦ ላይ እንደሆነ ያሳዩኝ።

ማመልከቻውን እርስዎ ይጽፉልኛል።

ጽናት


መሐል ሜዳ፣ ሰኔ 27 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለጽናት፣

በሰላም መግባትሽን እናትሽ ነገረችኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሆነውን ልንገርሽ፤ በስልክ በጠየቅሽው ቅደም ተከተል አይደለም፣ እንደመጣልኝ ነው።

ያን ዕለት ቢሮው በር ላይ መቶ ሁለቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ስትቆጥሪላቸው የሰማ ሰው ሁሉ አሁንም ያወራዋል። እኔ ያልነገርሁሽ አንድ ነገር አለ። ከጎንሽ ቆሜ ወደ አንቺ ተደገፍሁ። የያዝሽኝ ደክሞኝ መስሎሽ ነው፤ ፈርቼልሽ ነበር። ያን ጊዜ የካቲት ላይ የጻፍሁልሽን ክፉ ቃል አሰብሁት። ሐሳቤን አልለወጥሁም፤ ግን ፍርሃትሽ ምን እንደሚመስል ገባኝ።

ሰኔ 9 ቀን ከላይ ደብዳቤ መጣ። ቃለ ጉባኤው "አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ" ሕዝቡ በድጋሚ ይሰብሰብ የሚል ነው። ተሰበሰበ። በዚህ ጊዜ ሁሉም በእግሩ መጣ፤ ጥድ በር እንዲህ ሞልቶ አያውቅም አሉ። ስድስቱ ሰዎች ድንጋይ መፍጫው ይምጣ አሉ፤ የቀረው አይምጣ አለ። መርስዔ ኃዘን ቃለ ጉባኤው ካልተነበበልን አንፈርምም አለ፤ ተነበበለት። መሬቱ ለጊዜው ይቆይ ተብሏል። ለጊዜው ማለት እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ግን ዛሬ በግ ይግጥበታል። ኃላፊው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ከፍ ብሎ ነው ይላሉ። ምን ላድርግ።

የጥሩሸዋን በጎች መለሱላት። ከሰባቱ አምስቱን። "ሁለቱ ሞተዋል" አሏት። "ከሞቱ ቆዳቸውን አምጡ" ብላ የቢሮው በር ላይ ተቀምጣለች፤ ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ የበግ ፀጉሯን እየፈተለች።

ኪቦርዱንም ውሰጂ ተባልሁ። ስሄድ ፈርሚ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። አንቡልኝ አልሁ። "በአደራ ተቀምጦ የነበረ ንብረት" ይላል። እኔ አደራ አልሰጠሁም፤ ተወስዶብኝ የነበረ በሉት አልሁ። አዲሱ ጸሐፊ "እትዬ፣ ቃል ነው እኮ፤ ምን ለውጥ አለው?" አለኝ። ትቼው ወጣሁ። በማግስቱም ጠሩኝ፤ "ተይዞ የቆየ" ብለውታል። እሱንም ትቼ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን "ከወይዘሮ ጌታነሽ ተወስዶ የነበረ" ብለው ጻፉ። ሁለት ጊዜ አስነብቤ ፈረምሁ። አሁን ሁለት ኪቦርድ አለኝ። በሁለተኛው ጥሩሸዋን እያስተማርኋት ነው፤ እጇ ላይ ፎጣ ጥዬባት። ጣቷ የለመደው ክር ስለሆነ ፈጥናለች።

ዓይኔን ደግመሽ ጠይቀሻል። የግራውም ተዘግቷል። የሆነው ከሳምንት በፊት ነው። ጠዋት ተነሥቼ ገና ያልነጋ መስሎኝ ተመልሼ ተኛሁ፤ ጎረቤቴ ሦስት ሰዓት ሆኗል ስትለኝ ነው ያወቅሁት። አለቀስሁ፤ አልዋሽሽም። ቀትር ላይ ተነሥቼ ሠራሁ። ቆጣሪዬ እስካሁን አልተመለሰም፤ ለምን እንደሚያስፈልገኝ እንጃ፤ ግን የእኔ ስለሆነ ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

ልዝጋው። ከጊሼ በኩል የመጡ አሥራ አንድ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ አጥሬ ጥግ ቆመዋል። በሕይወት እያሉ ስማቸው ከመሬት መዝገብ ተሰርዟል ነው የሚሉት። ፊት ያለችው ሴት ገብታ ተቀምጣለች። ከየት ልጀምር ትለኛለች።

ከስምሽ ጀምሪ ብያታለሁ።

ጌታነሽ